ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ የት ናቸው?

ወገኖቼ፣ እኔ መንግሥት ተቃውሜ የተሰደድኩ ሰው ነኝ። የኮሎኔል በዛብህ ጉዳይ ግን የፓርቲ ጉዳይ አይደለም። እኚህ የአየር ኃይል አብራሪ በደርግ ዘመን ኤርትራ ውስጥ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማረኩ፤ በኋላ ተፈቱ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. አገር ዳግም ስትልካቸው ሄዱ፤ አስመራ ላይ ተመትተው እንደገና ተማረኩ። የ1993ቱን የአልጀርስ ስምምነት ተከትሎ ሌሎች ምርኮኞች ሲመለሱ እሳቸው ቀሩ። በ2010 ዓ.ም. መሪዎቹ አስመራ ላይ ሲተቃቀፉም ቤተሰባቸው ቁርጡን አላወቀም።

ለሞተ ተዝካር ይወጣለታል፤ ለታሰረ ስንቅ ይቋጠርለታል። ያለበት ያልታወቀ ሰው ቤተሰብስ ምን ያድርግ? ሁለት ጊዜ የላከቻቸው አገር አንድ ጊዜ እንኳ አጥብቃ ልትጠይቅላቸው አይገባም? አስመራም ትናገር፤ አዲስ አበባም ትጠይቅ!