የነደደው ጊዮርጊስ ተመልሶ ቆሟል፤ የፈረሰው ፒያሳስ?

ኅዳር 2017 ላይ የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል እድሳቱ አልቆ ሲከፈት ስልካችን በቪዲዮ ተጥለቅልቆ ነበር። ብዙዎቻችን "እነሱማ ታሪካቸውን ይጠብቃሉ" ብለን አለፍን። እኛ ጉለሌ ሆነን ስናየው ግን የራሳችን ነገር ነው ትዝ ያለን። ከእንጦጦ ቁልቁል ወርደን ፒያሳ ስንደርስ የምናገኘው ጊዮርጊስም ተቃጥሎ የተነሳ ካቴድራል ነው። እስኪ ሁለቱን ጎን ለጎን እንያቸው።

ዘውዱ ከእንጦጦ ሲወርድ

ታሪኩ የሚጀምረው ከኛው ሰፈር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዘውድ የደፉት እንጦጦ ማርያም ነው። ከተማዋ ወደ ታች ወርዳ አዲስ አበባ ስትሆን የንግሥ በዓሉም አብሯት ወረደ። ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ የደፉት ጊዮርጊስ ነው።

ጊዮርጊስ የዓድዋ መታሰቢያ ነው። ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነውና ምኒልክ ባለ ስምንት ማዕዘኑን ካቴድራል በስሙ አሠሩ። ንድፉን ያወጣው ሰባስቲያኖ ካስታኛ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነው። የካቲት 1929 ላይ፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ሐውልት የቆመለት ጭፍጨፋ በተፈጸመበት ሰሞን፣ ፋሽስቶቹ ካቴድራሉን በእሳት ለቀቁበት። ጣሊያናዊ የነደፈውን፣ የጣሊያንን ሽንፈት የሚያስታውሰውን ቤት ጣሊያኖች አቃጠሉት ማለት ነው።

ከነፃነት በኋላ ታደሰ። የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎችም የገቡት ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ዛሬ ገብተን የምናየው ጊዮርጊስ ምኒልክ ያዩት ጊዮርጊስ ብቻ አይደለም። የተቃጠለውም፣ የታደሰውም፣ የተጨመረውም አንድ ላይ ነው።

ፓሪስም ያው ነው

ኖትርዳም በ1163 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ የተገነባ፣ ጎቲክ በሚባለው በሹል ቅስትና በረጃጅም መስኮቶች በሚታወቀው አሠራር የቆመ ነው። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ፊቱ ላይ የነበሩ የነገሥታት ሐውልቶች አንገታቸው ተቆረጠ። በ1804 ናፖሊዮን ዘውድ ደፋበት። ሚያዝያ 7 ቀን 2011 በቀጥታ ሥርጭት ስትወድቅ ያየናት ያቺ ሹል ጉልላት እንኳን የጥንቷ አልነበረችም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቪዮሌ ለዱክ የተባለ አርክቴክት በአሮጌዋ ፋንታ የሠራት ነች።

ነጥቡ እዚህ ጋ ነው። ትልልቅ ቤቶች ዘመን የሚሻገሩት ሳይነኩ ስለቀሩ አይደለም፤ እየተጠገኑ ነው። ለመጠገን ደግሞ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ የተረፈ አካል፣ የተመዘገበ መረጃ እና ሙያ ያለው እጅ።

ፈረንሳዮቹ ሦስቱም ነበራቸው። ግድግዳው ቆሟል። አንድሪው ታሎን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ከቃጠሎው ዓመታት በፊት ሕንፃውን በሌዘር ለክቶ መዝግቦታል። የባሉጥ ግንድ በመጥረቢያ የሚጠርቡ አናጢዎችም ተገኙ። ገንዘቡ ብዙ ረድቷል፤ ሦስቱ ባይኖሩ ግን ገንዘብ ብቻውን የሚሠራው አዲስ ሕንፃ ነው።

ታዲያ ፒያሳ?

2016 ላይ የጊዮርጊስ አካባቢ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ካቴድራሉ አልተነካም። ዙሪያውን የነበሩ አሮጌ ቤቶች ግን ብዙዎቹ ዛሬ የሉም።

በሁለቱም ወገን ያለውን ክርክር እናውቀዋለን። እነዚያ ቤቶች ውስጥ መኖር ቀልድ አልነበረም፤ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ለብዙ አባወራ አንድ ሽንት ቤት። "ቅርስ ነው" ብሎ ሰውን በዚያ ኑሮ ውስጥ ማስቀመጥ ፍትሕ አይደለም። ሰፊ መንገድና ንጹሕ ከተማም ሁላችንም እንፈልጋለን።

ግን አንድ ልዩነት አለ። የነደደው ጊዮርጊስ ግድግዳው ስለተረፈ ተመለሰ። እስከ መሠረቱ የተነሳ ቤት ግን የሚጠገን ነገር የለውም፤ ካልተለካና ፎቶ ካልተነሳ ደግሞ ምን እንደነበረ የሚነግረንም አይኖርም። አገሪቱ የቅርስ አዋጅ አላት፣ ቁጥር 209/1992። አዋጅ ግን የሚጠብቀው የሚያውቀውን ነው። ያልተመዘገበ ቤት በቀላሉ እንደ ተራ ቤት ሊታይ ይችላል።

ከስልካችን ምን ይጠበቃል?

የጉለሌ ልጅ ሙያ እንዴት እንደሚሞት አይጠፋውም። ሽሮ ሜዳ ላይ ሽመናው የቆየው ልጅ ከአባቱ ስለተማረና ገዢ ስላለ ነው። የድንጋይ ጠራቢውና የጭቃ ቤት አናጢው ሙያም እንደዚያው ነው፤ ሥራ ካጣ የሚማረው የለም።

ሙያውን ማቆየት የመንግሥትና የቤተ ክህነት ትልቅ ሥራ ነው። ምዝገባው ግን እጃችን ላይ ነው። ሰፈራችን ያለ አሮጌ በር፣ በረንዳ፣ የእንጨት ደረጃ፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከቅርብ እናንሳው። ቦታውንና ቀኑን እንጻፍ። እዚያ የኖሩ እናቶችና አባቶች የሚያውቁትን በድምፅ እንቅዳ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥና የሰው ግቢ ሲሆን አስፈቅደን።

ኖትርዳምን ካዳኑት ነገሮች አንዱ ከእሳቱ በፊት የተቀመጠ ፋይል ነው። የኛን ሰፈር ፋይል ማን ይዞታል? ያነሳችሁት ካለ ላኩልን፣ ከነታሪኩ እናወጣዋለን።