ምልክቱን ማን ሣለው?

ይድረስ ለወረታና ለፎገራ አንባቢዎቼ፣

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቦርሳ ነው። ወረታ ስንት ጭንቅ እያለባት ስለ ቦርሳ የሚጽፍ ሰው ሥራ ፈት ነው የምትሉኝ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። አዋጁ ገበያው ድረስ እስኪወርድ ጊዜ ይፈጅ ይሆናል፤ ቢሆንም የጨርቅ ቦርሳ መምጣቱ አይቀርም። ጨርቅ ላይ ደግሞ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፣ አንድ ነገር ያትምበታል። በለንደንም በዋሽንግተንም ወጣቶች ትከሻቸው ላይ በሚያንጠለጥሉት የአቡጀዲ ቦርሳ ላይ በብዛት ከሚታየው አንዱ የፍልስጤም ምልክት ነው፦ የተቆረጠ ሐብሐብ፣ አሮጌ ቁልፍ፣ ጀርባውን የሰጠ ልጅ። የእኛም ልጆች በስልካቸው ያዩታል፤ ወደውም ያሳትሙታል። ትርጉሙን ሳያውቁ ከሚያነግቱት ግን ለጥቂት ደቂቃ ብናወራበት ይሻላል።

ሐብሐቡ የመጣው ከክልከላ ነው። እስራኤል በ1967 እ.ኤ.አ. ዌስት ባንክንና ጋዛን ከያዘች በኋላ የፍልስጤም ባንዲራ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ድረስ ተከልክሎ ነበር። ሰዓሊው ስሊማን መንሱር እንደሚተርከው፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ራማላ ላይ ኤግዚቢሽናቸውን ወታደሮች ሲዘጉ አንድ መኮንን አራቱን ቀለሞች እንዳይጠቀሙ አዘዛቸው፤ ሐብሐብ እንኳ መሣል እንደማይችሉ ነገራቸው። ቀዩ ሥጋ፣ ጥቁሩ ፍሬ፣ ነጩና አረንጓዴው ልጣጭ የባንዲራው ቀለሞች ናቸውና። ከልካዩ ራሱ ሐሳቡን ሰጣቸው ማለት ነው!

ቁልፉ የ1948 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት ከ700,000 በላይ ፍልስጤማውያን ከቀያቸው ሲፈናቀሉ ብዙዎቹ በጥቂት ቀን እንመለሳለን ብለው ቤታቸውን ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ወጡ። ልጁ ደግሞ ሐንዘላ ይባላል። የሣለው ናጂ አል ዓሊ ነው፤ በአሥር ዓመቱ ገደማ ከሰፈሩ ተሰዶ ሊባኖስ ውስጥ በስደተኞች መጠለያ ያደገ ካርቱኒስት። ሐንዘላ በ1969 እ.ኤ.አ. ጋዜጣ ላይ ከወጣ ጀምሮ ዕድሜው አሥር ነው። ባዶ እግሩን፣ በተጣፈ ልብስ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ወደ አገሩ እስኪመለስ አያድግም ብሎ ነበር ሰዓሊው። እሱ ራሱ በ1987 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ ልጁ ግን አሁንም አሥር ዓመቱ ነው።

የፍልስጤም ሴቶች ቀሚስ ላይ የሚጠልፉትንም አልረሳሁትም። ጥልፉ ከሰፈር ሰፈር ይለያል፤ ድሮ ሴትዮዋን ከሩቅ ያያት ሰው በጥልፏ አገሯን ይለይ ነበር። ዩኔስኮ በ2021 እ.ኤ.አ. በቅርስነት መዝግቦታል።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። እነዚህን ሁሉ የሣሏቸውም የጠለፏቸውም ራሳቸው ፍልስጤማውያን ናቸው። ሌላው ዓለም ያደረገው ተቀብሎ መያዝ ብቻ ነው። እኔን ይህ ነገር የሚያንገበግበኝ የእኛን ሳስታውስ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃባችን የዓለም መነጋገሪያ ሲሆን ለእኛም ቲሸርት ታትሟል። ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገው ትልቁ ኮንሰርት ምልክቱ ጊታር ነበር፤ የጊታሩ ሆድ የአፍሪካ ካርታ። ሌላው የምናውቀው ምስል ዓይኑ የጎደጎደ፣ ሆዱ ያበጠ ሕፃን ነው። ገንዘቡ ሰው አትርፏል፣ ይህን የሚክድ ግፈኛ ነው። ነገር ግን ከጋይንትም ሆነ ከኮረም አንድ ሰው ‹‹ምልክታችሁ ይህ ይሁን ወይ?›› ተብሎ አልተጠየቀም። ገንዘብ ያሰባሰበው ዘፈን እንዲያውም እኛ ገና መሆኑን እናውቅ እንደሆነ ይጠይቃል። ለገና፣ ታኅሣሥ 29፣ ወደ ላሊበላ የሚጓዘው ምእመን ከጎንደርም ከባሕር ዳርም ሲመጣ በወረታ ታጥፎ፣ በደብረ ታቦር አልፎ፣ ከጋሸና ይገነጠላል። ለጠያቂው መንገዱን ማሳየት በቂ ነበር።

በከረጢት ላይ የታተመ ወዳጅነት ለደቡብ ጎንደር እንግዳ አይደለም። ሁለት እጆች የሚጨባበጡበት የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ምልክት በስንዴ ማዳበሪያና በዘይት ቆርቆሮ ላይ ስንት ዓመት አይተነዋል። ስንዴው ሲያልቅ ማዳበሪያው የበርበሬ ማስጫ፣ ቆርቆሮው የበር ማጠናከሪያ ይሆናል። ድርጅቱ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ሲዘጋ የተጨባበጡት እጆች እኛ ዘንድ ቀሩ። በሌላ በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ቻይናዎች ሠሩት፤ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግናና ሻጋ ላይ ሩዝ አስለመዱን። ለሁለቱም ቲሸርት የለበሰ የለም። ፎገራ ግን ዛሬም የምትበላው ያንን ሩዝ ነው። እንዲህ ስል ቦርሳውን ማቃለሌ አይደለም፤ ቦርሳ ዳቦ እንደማይሆን ግን የምናውቅ እኛ ነን።

አሁን ከባዱ ነገር። ከእኛ አገር ላለ ሰው ይህን ምልክት መያዝ ለለንደን ልጅ የሚቀለውን ያህል አይቀልም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ሲወሰዱ አብዛኞቹ የጎንደር ሰዎች ነበሩ። የጎረቤታችን የልጅ ልጅ ዛሬ የእስራኤል ወታደር ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ተወልዶ እስራኤል ያደገ አንድ ወጣት በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ጋዛ ገብቶ ከአሥር ዓመት በላይ ታግቶ የተለቀቀው በየካቲት 2017 ዓ.ም. ነው። ኢየሩሳሌም ያሉት መነኮሳታችን በዴር ሱልጣን ገዳም ሆነው የፍልስጤማውያን ጎረቤት ናቸው። መንግሥታችንም በ1966 ዓ.ም. ከእስራኤል ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋርጦ በ1982 ዓ.ም. ቀጥሎታል። መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ሐማስ እስራኤል ገብቶ 1,200 ያህል ሰው ገድሏል፤ ከዚያ ወዲህ በጋዛ የሞተው ደግሞ እንደ ጋዛ ጤና ሚኒስቴር ከ60,000 በላይ ነው። እኔ ሐንዘላን የምይዘው ለጋዛ ልጆች ነው። ለቤተ እስራኤሉ ጎረቤቴ ያለኝን ፍቅር አያጎድለውም፤ አጎደለው የሚለኝ ካለ ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን እንከራከራለን።

‹‹ለእኛስ ማን ቦርሳ ይዞልናል?›› የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መንገዱ ሲዘጋ፣ ስልኩ ሲቋረጥ፣ ሩዙ ገዢ አጥቶ መጋዘን ሲከርም የውጭው ዓለም ስለ ፎገራ ያሳተመው ነገር የለም። ነገር ግን ቂም ይዘን የሌላውን ስቃይ ብናልፈው የእኛን አያቀልልንም። ይልቅ ፍልስጤማውያኑ ያደረጉትን እናድርግ፤ ምልክታችንን ሌላ ሳይሥልልን እንሣል።

ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ አውራምባ አለ፤ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረተው ማኅበረሰብ። በደርግ ማብቂያ ዘመን ተሰደው ቦንጋ አካባቢ ኖረዋል። ሲመለሱ መሬታቸው ጠብቦ ስለጠበቃቸው ሽመናን መተዳደሪያ አደረጉ፤ ወንዱም ሴቱም ይሸምናል። ተሰዶ የተመለሰ፣ ከመሬቱ የጎደለውን በእጁ ሥራ የሚተካ ሸማኔ በዚሁ ወረዳ እያለልን ከውጭ ታትሞ የመጣ ቦርሳ የምንገዛበት ምክንያት አይታየኝም። የሐንዘላን ቦርሳ የምትፈልጉም ብትሆኑ ጨርቁን ከዚያ ግዙ፤ ከሌላ ስትገዙ ደግሞ ትርፉ ለማን እንደሚሄድ ሻጩን ጠይቁት። ሐብሐብ አትሞ ለራሱ የሚያተርፍ ነጋዴ ሞልቷል።

የእኛ ምልክት ምን ይሁን ለሚለው የእኔ ድምፅ ለፎገራ ላም ነው። ሩዙ ግጦሿን ስለወሰደባት ዝርያዋ እየተመናመነ ነው፤ ያበላንም የጎዳንም ነገር አንድ ላይ እሷ ላይ ይታያል። እናንተ ሌላ ካላችሁ፣ የጉማራ ወንዝም ይሁን የርብ ድልድይ፣ በእጃችሁ ሥላችሁ ላኩልኝ። የተራበ ሕፃን ግን አልቀበልም።