ዓለም አቀፍ የኪነ ጥበብ ትብብር፤ ከመድረኩ በኋላ ለአገር የሚቀረው

አገሮች በኪነ ጥበብ ዘርፍ የሚያደርጉት ልውውጥ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በቀረቡት ትርዒቶች፣ በተጓዙት ልዑካንና በተፈረሙት የመግባቢያ ሰነዶች ብዛት ነው። ይህ መለኪያ ለሪፖርት የሚመች ቢሆንም የልውውጡን እውነተኛ ውጤት አያሳይም። እንግዳው ቡድን ከተሸኘና የመድረኩ መብራት ከጠፋ በኋላ በአገር ውስጥ ምን ሙያ፣ ምን ተቋም፣ ምን መብት ቀረ? የሚለው ጥያቄ ነው ሚዛኑ ሊሆን የሚገባው። ኢትዮጵያ ከስድሳ ዓመታት በላይ ያካበተችው ተሞክሮ ለዚህ ጥያቄ በቂ ትምህርት ይሰጣል።

ጉዳዩ ዓለም አቀፍ የሕግ መሠረት ያለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 የባህል መገለጫዎችን ብዝኃነት ለመጠበቅና ለማስፋፋት የሚያስችል ስምምነት ያጸደቀ ሲሆን፣ ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 በሥራ ላይ ውሏል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2008 የስምምነቱ አባል ሆናለች። የስምምነቱ አንቀጽ 16 ያደጉ አገሮች ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ የጥበብ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ለባህል ሸቀጦችና አገልግሎቶች ተመራጭ አያያዝ በመስጠት ልውውጡን እንዲያመቻቹ ይደነግጋል። በመሆኑም ልውውጥ በለጋሾች በጎ ፈቃድ ብቻ የሚከናወን ተግባር ሳይሆን አባል አገሮች በፊርማቸው የተቀበሉት ግዴታ ነው።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ ግን ከስምምነቱ ብዙ ዓመታት ይቀድማል። ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። በለንደንና በፓሪስ የቆየው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንም እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ አገሩ ተመልሶ በዚያው ትምህርት ቤት በመምህርነት አገልግሏል። የሁለቱ ሠዓሊያን የውጭ ቆይታ ለአገር ጥቅም የሰጠው ያገኙትን ዕውቀት የሚያስተላልፉበት ትምህርት ቤት አስቀድሞ በመኖሩ ነው። ይሁን እንጂ ገብረ ክርስቶስ በስደት ሕይወቱ ሲያልፍ በርካታ ሥራዎቹ በጀርመን ቀርተው ነበር። እነዚህ ሥዕሎች ወደ አገር ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ በተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ጠቢቡ ቢያልፍም ሥራው ሊመለስ የቻለው የሚያርፍበት ቤት በመዘጋጀቱ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በክዋኔ ጥበባት ረገድ የሚጠቀሰው አብነት የአዱኛ የዳንስ ቡድን ነው። እንግሊዛዊው የዳንስ ቀማሪ ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 በአዲስ አበባ ኑሯቸው በጎዳና ላይ ከነበረ ታዳጊዎች ጋር አንድ ትልቅ ትርዒት አዘጋጅቶ ነበር። ትርዒቱ በጭብጨባ ተጀምሮ በጭብጨባ ቢያበቃ ኖሮ እንደ ብዙዎቹ ተረስቶ በቀረ ነበር። ነገር ግን ከታዳጊዎቹ መካከል የተመረጡት ለዓመታት በዘለቀ መደበኛ ሥልጠና እንዲያልፉ በመደረጉ ውዝዋዜን ለመተዳደሪያነት ብቻ ሳይሆን ለማስተማሪያነትም የሚያውሉ ባለሙያዎች ተገኝተዋል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ጁናይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ የሥነ ጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ በጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር ሠልጥኗል። ጁናይድና ባልደረባው አዲሱ ደምሴ እ.ኤ.አ. በ2009 በለንደን ሳድለርስ ዌልስ ቴአትር የቀረበው «ደስቲኖ» የተሰኘ ትርዒት ዋና ተዋንያን የነበሩ ሲሆን፣ በኋላም በዚሁ ስም በአዲስ አበባ የራሳቸውን የዳንስ ቡድን መሥርተዋል። የአንድ ሰሞን እንግዳ ትርዒት ወደ አገር በቀል ቡድን የተሸጋገረው በመካከሉ የረጅም ዓመታት ሥልጠና ስለነበረ ነው።

የሙዚቃው ዘርፍ ደግሞ ሌላ ገጽታ ያሳያል። አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 በመንግሥቱ ድጋፍ ባደረገው ጉዞ አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ተገናኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የቀዘቀዘው ግንኙነት ዳግም ያንሠራራው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስያሜ ያሳተማቸው የቀድሞ ቅጂዎች ዓለም አቀፍ አድማጭ ካገኙ በኋላ ነው። ኢትዮጵያዊው የሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያና የሆላንዱ «ዘ ኤክስ» ቡድን ትብብርም የዚሁ ወቅት ፍሬ ነው። ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን በመጫወት የሚታወቀው አንጋፋ ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ አምስተርዳም ተጋብዞ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም ከቡድኑ ጋር ሠርቷል። በዚህ ትብብር የዜማው መነሻ የእርሱ፣ አጃቢው እንግዳው ቡድን መሆኑ ለእኩልነት ለቆመ ግንኙነት ጥሩ ማሳያ ነው።

በቅርቡ ደግሞ ልውውጡ በመንግሥት ደረጃ አዲስ ምዕራፍ ከፍቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በስድሳኛው የቬኒስ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርዒት ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ብሔራዊ ድንኳን ተሳትፋለች። ሥራዎቹን ያቀረበው ሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ በአዲስ አበባና በጀርመኗ ሽቱትጋርት የተማረ ሲሆን፣ የዝግጅቱ ኃላፊ በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነው እንግሊዛዊ ገጣሚ ለምን ሲሳይ ነበር። ይህም በውጭ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ልጆች ለልውውጡ ድልድይ ሊሆኑ እንደሚችሉ ያመለክታል።

እነዚህ ስኬቶች እንዳሉ ሆነው የተዛባው ሚዛን ገና አልተስተካከለም። ከአውሮፓ የሚመጣ ሙዚቀኛ ወደ አዲስ አበባ ለመግባት ከሚገጥመው ውጣ ውረድ ይልቅ የአዲስ አበባው ሙዚቀኛ የአውሮፓ ቪዛ ለማግኘት የሚገጥመው እጅግ የከፋ ነው። ግብዣው፣ የትርዒቱ ቀንና የአዳራሹ ኪራይ ተጠናቆ ሳለ ፈቃዱ በመዘግየቱ ብቻ የሚሰረዝ ጉዞ ለቡድኑ ኪሳራ፣ ለአገሪቱም የታጣ ዕድል ነው። ስለሆነም አንቀጽ 16 በሁለትዮሽ የባህል ስምምነቶች ድርድር ወቅት በግልጽ ሊነሳና የባለሙያዎች የቪዛ አሰጣጥ ራሱን የቻለ ነጥብ ሆኖ ሊሰፍር ይገባል። አባል አገሮች በየአራት ዓመቱ ለዩኔስኮ የሚያቀርቡት ሪፖርትም ችግሩን በማስረጃ አስደግፎ ለማሳየት አመቺ መድረክ ነው።

ሌላው ክፍተት በአገር ውስጥ የሚሞላ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ለትርዒት ገብተው ተመልሰው የሚወጡ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ ሥዕሎችና የመድረክ ቁሳቁሶች እንደ ንግድ ዕቃ እንዳይስተናገዱ የባህል መሥሪያ ቤቶችና የጉምሩክ አካላት አስቀድመው ሊቀናጁ ይገባል። በሁለተኛ ደረጃ፣ የትብብር ውሎች የተቀረጸ ድምፅና ምስል ባለቤትነት የማን እንደሆነ መወሰን አለባቸው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች ጭምር መብት የሰጠ ቢሆንም፣ ውሉን ሳያነብ የፈረመ ባለሙያ የአዋጁ ተጠቃሚ ለመሆን ይቸገራል። ስለዚህ ኃላፊዎች ውሎች ከመፈረማቸው በፊት የሕግ ምክር የሚገኝበትን መንገድ ማመቻቸት ይጠበቅባቸዋል።

በሦስተኛ ደረጃ የመድረክ ቦታ ጉዳይ አለ። በመላኩ በላይ የሚመራው ፈንድቃ የባህል ማዕከል በካዛንቺስ ከአዝማሪ ቤትነት ተነሥቶ የአገር ውስጥና የውጭ ባለሙያዎች አብረው የሚጫወቱበት መድረክ ለመሆን የበቃው በብዙ ዓመታት ልፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በአካባቢው በተካሄደው መልሶ ማልማት የቀድሞ ቦታውን ለቋል። ከተሞች በሚለሙበት ጊዜ እንዲህ ያሉ መድረኮች በአዲሱ ፕላን ውስጥ ተተኪ ቦታ እንዲኖራቸው ማድረግ እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም። ጋባዡ ቤት ከሌለ እንግዳውም አይመጣምና።

ከዚህ አኳያ ለወደፊቱ የሚፈረም ማናቸውም የባህል ስምምነት ከመጽደቁ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል። ማን ይሠለጥናል? ሥራው የማን ንብረት ይሆናል? ከእንግዳው መመለስ በኋላ የሚቀጥለውስ በየትኛው ተቋም ነው? ለሦስቱም ምላሽ ያለው ስምምነት ትርዒቱ ካበቃ በኋላም ለአገር ይሠራል፤ ምላሽ የሌለው ግን ከፎቶግራፍና ከሪፖርት አልፎ የሚያስቀረው ነገር አይኖርም።