ጸጥ ያለ ሰፈር

«ጸጥ ያለ ሰፈር ነው።» አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይቺን አባባል ሳይሰማ አይቀርም። ደላላው ይላታል፣ የሪል እስቴት ማስታወቂያው ይላታል፣ ምሳ ላይ ስለ ቤት ሲወራ መኪና ያለው ባልደረባችሁ ይላታል። ከዚያ በኋላ ጥያቄ የለም። ጸጥ ካለ ሰላም ነው፣ ሰላም ከሆነ ርቀቱን እንችለዋለን፣ አለቀ።

ቋንቋችንም ለዚህ ጨዋታ ይመቻል። አማርኛ የድምፅ አለመኖርንም ደህንነትንም «ጸጥታ» ብሎ ነው የሚጠራው። ጸጥታ አስከባሪ «ዝም በሉ» ለማለት የተቀጠረ ሰው አይደለም፤ ቃሉ ግን ያው ነው። እኔ ኮድ ጽፌ ነው የምኖረው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ ምን እንደሚፈጠር ከሥራዬ አውቀዋለሁ፤ ስሙን ማንም ስለማይጠረጥር ሁሉም ስህተቱን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

የከተማ ዳር ሰፈሮች ጸጥ ያሉት ሰው ስለሌለባቸው ነው። ሰው የሌለበት መንገድ ደግሞ ሲመሽ ከሁሉም መንገድ የከፋው ነው። መሀል ከተማንና ዳርን በደህንነት ስናወዳድር በር ከተዘጋ በኋላ ያለውን ቤት ከቤት ጋር እናወዳድራለን። በሩ ጋ እስኪደረስ ያለው መንገድ ሂሳቡ ውስጥ አይገባም።

መንገዱ ከየት መጣ? የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ በ1997 አካባቢ ሲጀመር ዳር ብቻ ይሠራል ያለ አልነበረም፤ መሀል ከተማም ተሠርቷል፣ ልደታን ማየት ነው። ትልልቆቹ ሳይቶች ግን ባዶ መሬት ወዳለበት ሄዱ፤ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ቤቱ ሄደ፣ ሥራው ቀረ። ቢሮው ቦሌና ሜክሲኮ፣ ንግዱ መርካቶ። የኛ ቤት እማዬ በ1997 ተመዝግባ፣ አስር ዓመት ያህል ጠብቃ፣ በዕጣ ያገኘችው የካ አባዶ ያለ ቤት ነው። ዕጣው የወጣ ቀን ሰፈሩ እልል ብሎ ነበር። ቤት ነው፣ የራስ ነው፣ ማንም በዚያ አይቀልድም። እኔም አልቀልድም። የምከራከረው «አሁንማ ሰላም ያለበት ገባችሁ» ከሚሉን ጋር ነው።

አንድ ቀላል የጂኦግራፊ ነገር ልጨምር። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን አዲስ አበባ ላይ ክረምት ከበጋ ጀምበር የምትጠልቀው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አውሮፓ በበጋ እንደሚሆነው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብርሃን የሚባል ነገር የለም። ቢሮ የሚወጣው 11፡30 ነው። እንግዲህ ዳር የሚኖር ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ቤቱ የሚገባው በጨለማ ነው ማለት ነው።

እህቴ ደግሞ የምትወጣው 2፡30 ነው። መገናኛ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ የማታ ፈረቃ ትሠራ ነበር። መገናኛ ላይ በዚያ ሰዓት ሰልፉ እንዴት እንደሆነ ለሚያውቅ አላወራም። ሚኒባሱ ሲመጣ ረዳቱ «ካራ ብቻ!» ይላል፣ መንገዱን ቆራርጦ ሁለት ጊዜ ለማስከፈል። ካራ ወርዳ እንደገና ትጠብቃለች። ከዚያ አባዶ፣ ከዚያ ከአስፋልቱ እስከ ብሎካችን በእግር። ያቺ የእግር መንገድ በቀን ዘጠኝ ደቂቃ ናት፣ ቆጥሬያታለሁ። ማታ ስንት እንደሆነች እኔ ልነግራችሁ አልችልም፤ ወንድ ነኝ፣ ቁመቴም ከአንድ ሜትር ሰማንያ በላይ ነው። እሷ ግን ትናገራለች። ቦርሳዋን ወደ ፊት ታዞራለች። ከፋርማሲው ስትወጣ ጫማ ትቀይራለች። ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከማንም ጋር ታወራለች፤ «እሺ አባዬ፣ በሩ ጋ ደርሻለሁ፣ ውረድልኝ»። አባዬ ተኝቷል። ለመብራት አንድ ምሰሶ አለ፣ የሚበራበትን ቀን እሱ ያውቃል። የውሻው መንጋ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ክረምት ጅብ ሲጮህ እየሰማን እንስቅ ነበር፣ እሷ አትስቅም ነበር።

አንድም ቀን ምንም አልደረሰባትም። ይህን በግልጽ መጻፍ ያለብኝ ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ስለሚወድቅ ነው። «ታዲያ ምን ሆነች?» ይባላል። ፖሊስ ጋ የተመዘገበ ነገር የለም፣ ስለዚህ ሰፈሩ ሰላም ነው። የሆነው ይሄ ነው፤ ከስምንት ወር በኋላ የማታውን ፈረቃ ተወች። የማታ አበሉ ቀረ፣ ለማስተርስ የምታስቀምጠው ብር ቀረ፣ ከሥራ በኋላ ከጓደኞቿ ጋር ቡና መጠጣት ቀረ። ወንጀሉ ሳይፈጸም ዋጋው ተከፈለ። የትኛውም መዝገብ ላይ የማይገባ ኪሳራ ነው፣ እና የሚከፍሉት በአብዛኛው ሴቶችና በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ቤት ሲመረጥ «ሰፈሩ ሰላም ነው» ብሎ የሚፈርመው ግን አባት ነው፣ ባል ነው፣ ወይ እንደኔ ያለ ወንድም።

«እና መሀል ከተማ ሌባ የለም?» አለ እንጂ! ሜክሲኮ ላይ ሿሿ የተሠራ ሰው በየቢሮው አለ። በ2011 የከተማው አስተዳደር ሞተር ሳይክሎችን ያገደው ቅሚያና ዝርፊያ ስለበዛ ነው፤ የሚቀሙት ሰዎችም ጫካ ውስጥ አልነበሩም። መርካቶ ስልክ በእጅ ይዞ መሄድ ምን እንደሆነ ለማንም አልነግርም። ቁጥር ብቻ ብትቆጥሩ መሀል ከተማ ብዙ ስርቆት ሊኖር ይችላል፣ የሚሰረቀው ሰው የሚበዛው እዚያ ነውና።

የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ብጮህስ? ፒያሳ ወይም ጎጃም በረንዳ «ሌባ!» ብትሉ ሊስትሮው ይነሳል፣ ጀብሎው ይሮጣል፣ ባለ ሱቁ ባንኮኒውን ዘሎ ይወጣል። እንዲያውም ከመጠን ያልፋል። ሌባውን ከሰው ዱላ ፖሊስ ሲያስጥለው አይቻለሁ፣ የሚያኮራ ነገር አይደለም። አባዶ ሜዳው ላይ ብትጮሁ ደግሞ መጀመሪያ የሚመልስላችሁ ውሻ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ ይገለጥ ይሆናል። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከአራተኛ ፎቅ እስኪወረድ፣ የደረጃው አምፖል ተሰርቆ በጨለማ እየዳበሱ፣ ነገሩ አልቋል።

አሜሪካዊቷ ጄን ጃኮብስ በ1961 ባሳተመችው የከተሞች መጽሐፍ ይህን ለኒውዮርክ ተከራክራለታለች፤ መንገድን የሚጠብቀው ከሁሉም በላይ መንገዱን የሚጠቀመውና የሚያየው ሰው ነው፣ ፖሊስ በኋላ ይመጣል። እኛ ግን ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገንም ነበር። የቀበሌ ቤት ሰፈር ያደገ ሰው ያውቀዋል። በቆሎ ጠባሿ እስከ ማታ 3 ሰዓት ጥግ ላይ አለች። ሱቁ ክፍት ነው፣ ከመስኮቱ የሚወጣው ብርሃን ግማሽ መንገዱን ያበራል። እድር አለ፣ ስለዚህ የማን ልጅ እንደሆንክ ይታወቃል። ያው ይሄ ዓይን ሐሜተኛም ነው፤ እህቴን ማን እንደሸኛት እማዬ ሳትሰማ አታድርም ነበር። እህቴ ራሷ ስለዚህ ምርር ብላ ታወራለች። ቢሆንም ከሜዳው ጋር አስቀምጣችሁ ምረጪ ብትሏት ሐሜቱን ትመርጣለች፤ ጠይቄያታለሁ።

ወደ ባለ አጥሮቹ ልምጣ። ገንዘብ ያለው ሰው መፍትሔ ብሎ የሚገዛው አጥር፣ ዘበኛና ካሜራ ነው። ስለ ካሜራ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልናገር፤ ካሜራ ሎግ ነው እንጂ ፋየርዎል አይደለም። የሆነውን ይነግርሃል፣ እንዳይሆን አያደርግም። ዘበኛው ደግሞ ከገጠር የመጣ፣ በትንሽ ደሞዝ በብርድ የሚያድር አንድ ሰው ነው። ሥርዓቱ ሁሉ እሱ እንቅልፍ ባይዘው ላይ የተንጠለጠለ ነው። እንዲህ ዓይነት ሲስተም ሠርቼ ባቀርብ ያባርሩኛል።

ዋናው ችግር ግን አጥሩ ራሱ ነው። ሲኤምሲና አያት አካባቢ አንዳንድ መንገዶች ላይ ማታ ሂዱ። በግራ ሦስት ሜትር ግንብ ከነ ሽቦው፣ በቀኝ ሦስት ሜትር ግንብ ከነ ሽቦው። ሱቅ የለም፣ መስኮት የለም፣ የሚያይ የለም። እያንዳንዱ ግቢ ውስጡን ሲጠብቅ ውጪውን ባዶ አደረገው። አደጋው አልጠፋም፣ ወደ መንገዱ ተገፋ እንጂ፤ መንገዱ ላይ የሚሄደው ደግሞ መኪና የሌለው ነው። የቤት ሠራተኛዋ፣ ተማሪው፣ ራሱ ዘበኛው ሲነጋ ወደ ቤቱ ሲሄድ። ጸጥ ያለ ሰፈር የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፤ የአንዱ ጸጥታ በሌላው መንገድ የተከፈለ።

«መሀል ከተማ ኪራዩን ማን ይችለዋል?» የሚለው መልስ እውነት ነው፣ አልከራከረውም። ዳር የሚኖረው ሰው አቅሙ ያንን ስለፈቀደ ነው። እንዲያ ከሆነ ግን በስሙ እንጥራው፤ «የምንችለው ይሄን ነው» እንበል። «ሰላም ስለሆነ ነው» አንበል። ሁለተኛው አባባል ጥያቄ ይዘጋል። መብራት ይተከል፣ ታክሲው እስከ መጨረሻ ይሂድ፣ ብሎኩ ሥር ሱቅ ይከፈት የሚል ሰው፣ ሰፈሩ ሰላም ነው ከተባለ ምን ብሎ ይጠይቃል?

ዳር መሆን በራሱ ዕጣ ፈንታ እንዳልሆነ ጀሞ ምስክር ነው። ልጅ ሆኜ ጀሞ ማለት የዓለም መጨረሻ ነበር። ዛሬ ማታ 3 ሰዓት ምድር ቤቶቹ ክፍት ናቸው፣ ድንች ጠባሿ አለች፣ ባጃጁ አለ፣ ሰው ሰው ይሸታል። እዚያ ጫጫታ አለ ብሎ የሚያማርር ጓደኛ አለኝ፤ እህቱ ግን ማታ ብቻዋን ትገባለች።

መሀሉም ባለበት አልቆየም። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ፈረሱ፤ ከካዛንቺስ ብዙዎች ገላን ጉራ ደረሱ። ኮሪደር ልማቱ ያመጣውን መብራትና ሰፊ የእግረኛ መንገድ አልክድም፣ ማታ እሄድበታለሁ፣ ደስ ይላል። ጥግ ላይ የነበረችው ሴትዮ ግን የለችም። አምፖሉ ያበራልኛል፣ አያውቀኝም። ያ መብራት ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ከአስፋልት እስከ ብሎክ ባለችው የዘጠኝ ደቂቃ መንገድ ላይ ነው፣ እዚያ ጎብኚ ስለማይመጣ ይሆናል ያልደረሰው።

ስለዚህ ቤት ስታዩ እሁድ ረፋድ ከደላላ ጋር አትሂዱ። እሁድ ረፋድ ሁሉም ሰፈር ሰላም ነው። ሐሙስ ማታ 2፡30 ላይ ሂዱ፣ መኪና ያለው ጓደኛ ሳትይዙ፣ ከመገናኛ ወይም ከሜክሲኮ ተሰልፋችሁ። ቤቱ ውስጥ የምትኖር ሴት ካለች ይዛችኋት ሂዱ፣ የመጨረሻው ቃልም የሷ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ተደንግጓል። ሁለት ዓመት በየቀኑ የምትሄደውን መንገድ አንድ ማታ መሞከር ብዙ አይደለም።

እኔና እህቴ ባለፈው ሳምንት ገዳም ሰፈር ሁለት ክፍል አይተናል። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው። አባዬ «የሌባ ሰፈር» ብሎ ፊቱን አዙሯል፣ እማዬ አስር ዓመት የጠበቀችው ቤት ተንቆ ነው ብላ አኩርፋለች፤ ልትረዳኝ ትችላለች ብዬ አሁንም እሞክራለሁ። እህቴ ክፍሎቹን ብዙም አላየችም። ከታክሲው ወርደን ስንሄድ በጣቷ ስትቆጥር ነበር፤ እስከ በሩ ስድስት ሱቅ፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ ሁለት ጉልት። ለፋርማሲው ደውላ የማታ ፈረቃው ሰው ይዞት እንደሆነ ጠይቃለች።