ተባይን በተባይ፦ ከዳላስ ጓሮ እስከ ዝዋይ ግሪንሃውስ

በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን ጎመንና ቃሪያ፣ አንዳንዶቻችንም ጽጌረዳ በጓሯችን እናለማለን። ክሽክሽ ሲወርብን በከረጢት የታሸጉ ቀይ ጥንዚዛዎች ገዝተን እንለቃለን። አብዛኞቹ ግን በካሊፎርኒያ ተራሮች በእንቅልፍ ላይ ተከማችተው ሳሉ የተለቀሙ ናቸውና በቀናት ውስጥ በርረው ይሄዳሉ። (ትርፉ ለጎረቤት!) መርጨት አቁሞ እንስላልና ድንብላል በዳር ዘርቶ እስኪያብቡ የተወ ሰው ግን ጥንዚዛዎቹን ሳይገዛ ያገኛቸዋል። ዳላስ ፌር ፓርክ ውስጥ ያለው የቴክሳስ ዲስከቨሪ ጋርደንስ በኦርጋኒክ መንገድ ብቻ የሚተዳደር የሕዝብ አትክልት ስፍራ ነውና ሄዶ ማየት ነው።

ይህን ያነሳነው ስለ ጓሮ ለማውራት አይደለም። ያው ሳይንስ በአገራችን የብዙ ሺህ ወገኖች ጤናና እንጀራ ጉዳይ ሆኗል።

ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ናት። የጽጌረዳው ቀንደኛ ጠላት የእርሻው ሰዎች «ስፓይደር ማይት» የሚሏት፣ በዓይን የማትታይ ያህል ያነሰች ሸረሪት መሰል ተባይ ናት። በግሪንሃውስ ሙቀት ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ አንድ ትውልድ ትተካለች፤ ስለዚህም ኬሚካሉን ቶሎ ትለምደዋለች። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ማብቂያ ገደማ ከኔዘርላንድ ጋር በተደረገ ትብብር «ፋይቶሴይሉስ» የተባለች አዳኝ ማይት በአገራችን እርሻዎች ተሞከረች፤ ከዚያም በዝዋይና በሌሎችም ቦታዎች ሥራ ላይ ዋለች። ይህች አዳኝ ስፓይደር ማይትን እንጂ ቅጠሉን አትነካም።

ባለሀብቶቹ ይህን ያደረጉት ለሠራተኛው አዝነው ነው የሚለን ካለ አንስማማም። መድኃኒቱ መሥራት አቆመ፤ የአውሮፓ ገዢዎችም በኬሚካል ላይ ጥያቄ አበዙ። ሀቁ ይህ ነው። ቢሆንም አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑት ሠራተኞች ተጠቅመዋል፤ ርጭት በቀነሰ ቁጥር የሚተነፍሱት መርዝ ይቀንሳል። ርጭቱ ግን ጨርሶ አልቀረም። አዳኟ ሻጋታ አትበላም፤ ለቅጠል ሻጋታ በሽታ ዛሬም ይረጫል። «ተፈጥሯዊ» የሚል ምልክት ስናይ ይህን አንርሳ።

አሁን ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 2025) ጀምሮ የአፍሪካ ጽጌረዳ «ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ» ከተባለችው የእሳት ራት ነፃ መሆኑ እንዲረጋገጥ ጥብቅ ደንብ አውጥቷል። እጭዋ እምቡጡ ውስጥ ትደበቃለች፤ አንዲት ከተገኘች ጭነቱ ሊመለስ ወይም ሊወገድ ይችላል። የደነገጠ ሥራ አስኪያጅ ምን ያደርጋል? ሁሉን የሚገድል ኬሚካል ይረጫል። ያን ጊዜ አዳኟም ትሞታለች፣ ስፓይደር ማይትም ያለ ተቆጣጣሪ ትፈላለች፣ ርጭት ርጭትን ይወልዳል። ዕዳው የሚወድቀው መርጫውን ተሸክሞ በሚገባው ወጣት ላይ ነው።

ሌላ መንገድ አለ፦ ወንዱን በሽታ የሚስብ ወጥመድ፣ የግሪንሃውስ መረብ፣ እምቡጥን በእጅ መመርመር። ይህ ሁሉ ግን ገንዘብና ተጨማሪ የሰው ጉልበት ይጠይቃል። መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን ብቻ ከሚቆጥር፣ እያንዳንዱ እርሻ ምን መድኃኒት መቼ እንደረጨና ከስንት ሰዓት በኋላ መግባት እንደሚቻል በግሪንሃውሱ በር ላይ በኦሮምኛና በአማርኛ እንዲለጥፍ ያስገድድ እንላለን።