ከረመዳን በፊት የሚከፈል ዕዳ

የረመዳን ጾም የሚጀመረው አዲስ ጨረቃ ስትታይ ቢሆንም፥ የልቡና ዝግጅቱ ከ2 ወር አስቀድሞ በረጀብና በሸዕባን እንዲጀመር የእስልምና ሊቃውንት ሲመክሩ ኖረዋል። ካለፈው ረመዳን የጐደለ ጾም ያለበትም ሰው ሸዕባን ሳያልቅ ዕዳውን ይከፍላል።

የጾም ዕዳ እንዲህ ከተቈጠረ፥ የሰው ዕዳ እንዴት ይረሳል? የጅቡቲ ከተማ ሕዝብ የሚመገበው አብዛኛው እህል ከባሕር ማዶና ከኢትዮጵያ የሚገባ ስለ ሆነ፥ ነጋዴ በሸዕባን የሸሸገው ጆንያ የባልባላን ድኃ የማፍጠሪያ ማዕድ ያጐድላል፤ ሹም በመሳቢያው ያቈየው ፈቃድም እንደዚሁ።

ስለዚህ ነጋዴው ሚዛኑን አቃንቶ፥ ከመቶ 2.5 የሚሆነውን ዘካ አስልቶ፥ ሹሙም የተጠራቀመውን ጉዳይ ፈጽሞ ጨረቃዋን ሊጠብቅ ይገባል። ይህ ሳይሆን ቀርቶ በጾሙ ወር ዋጋ ቢወደድ ግን፥ ቀን የጾመው ድኃ ሌሊትም ጦሙን ያድራል።