ጀበናው የሁላችን፣ ሥዕሉ የሠዓሊው

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ የአደይ አበባ ሥዕል የታተመባቸው ፖስት ካርዶች፣ ቲሸርቶችና ኩባያዎች ገበያውን ያጥለቀልቁታል። ልብ ብሎ ላስተዋለ ሰው፣ በአንዱ ሱቅ ያለው አበባ በሌላው ሱቅ ካለው ጋር ብዙ ጊዜ እስከ ቅጠሉ እጥፋት ድረስ አንድ ነው። ሥዕሉን አታሚው አልሳለውም፤ ከኢንተርኔት አውርዶታል። ክሊፕ አርት የሚባሉት እነዚህ ተዘጋጅተው የተቀመጡ ሥዕሎች ጊዜም ገንዘብም ስለሚቆጥቡ ለትንሽ ነጋዴ ትልቅ ጥቅም አላቸው። ችግሩ፣ የወረደ ሁሉ ይሸጣል ተብሎ መታሰቡ ነው። እኔ የምለው፣ ለሽያጭ በሚቀርብ ዕቃ ላይ የሌላ ሰው ሥዕል ከመታተሙ በፊት ፈቃዱ ይነበብ ነው። ይህን የምለው ክስ ስለሚያስፈራ ብቻ አይደለም፤ በሥዕል የሚተዳደር ባለሙያ በአገራችን እንዲበረክት ስለምፈልግ ጭምር ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለአንድ ወጥ ሥራ ጥበቃ የሚሰጠው ሥራው ተፈጥሮ ግዙፍነት ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ምዝገባን ቅድመ ሁኔታ አያደርግም። ስለዚህ ሥዕሉ ላይ ስም ስለሌለ ባለቤት የለውም ማለት አይቻልም። መብቱ ሠዓሊው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። አዋጁ ሐሳብን ግን አይጠብቅም፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጀበና፣ መሶብ፣ የላሊበላ መስቀል የሁላችንም ናቸው፤ ማንም ሊስላቸው ይችላል። አንድ ሠዓሊ መስመሩን መርጦ፣ ጥላውን አሳርፎ፣ እንፋሎቱን በራሱ አኳኋን አጠማዝዞ የሳለው ጀበና ግን የእሱ ነው። ቀለሙን መቀየር ወይም እጀታውን ወደ ግራ ማዞርም ባለቤትነቱን አያዛውረውም፤ ሥራን የመለወጥ መብት ራሱ የሠዓሊው ነውና። ሕጉ ለግል መገልገያ ብቻ የሚደረግ ቅጂን ይፈቅዳል። በዚያው ሥዕል 200 ኩባያ አትሞ ለገበያ ማቅረብ ግን የግል መገልገያ አይደለም።

ፈቃድ ያላቸውም ሥዕሎች ቢሆኑ ፈቃዳቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ቤት የተከራየ ይኖርበታል እንጂ አይሸጠውም፤ የሥዕል ፈቃድም እንዲሁ ልክ አለው። ባለመብቶች ሥራቸውን ሌሎች እንዲጠቀሙበት አስቀድመው በሚፈቅዱባቸው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ውስጥ አንዳንዱ የሠዓሊውን ስም መጥቀስን ብቻ ይጠይቃል፤ «ኤንሲ» የሚል ምልክት ያለበት ለንግድ መጠቀምን ይከለክላል፤ «ሲሲ ዜሮ» ግን ለሁሉም ክፍት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኦፕን ክሊፕ አርት የተባለ ድረ ገጽ ሥዕሎቹን የሚያቀርበው በዚህ ክፍት መንገድ ነው። ገንዘብ ከፍሎ መግዛትም ሁሉንም አይፈታም። ሥዕልና ፎቶ የሚሸጠው የአዶቤ ስቶክ ድረ ገጽ መደበኛ ፈቃድ እስከ 500,000 ቅጂ ማተምን ይፈቅዳል፤ ዕቃው የሚሸጠው በዋናነት በሥዕሉ ምክንያት ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ቲሸርት ወይም ኩባያ ላይ ሲሆን፣ ሰፋ ያለው ፈቃድ መገዛት አለበት። ብዙ ሰው ከፍያለሁ ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁሉም ያደርገዋል፣ የተከሰሰም የለም የሚል ክርክር አለ። አለመከሰስ ግን መብት አይሆንም። አዋጁ ሲወጣ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል፤ ይህ የአንድ ትንሽ ሱቅ መነሻ ካፒታል ሊሆን ይችላል። ዕቃውን በኢንተርኔት አሜሪካ ላለ ደንበኛ ለሚሸጥ ሰው ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የዚያ አገር ሕግ የተመዘገበ ሥራን መብት በደፈረ ሰው ላይ በአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከተደረገ እስከ 150,000 ዶላር ካሳ ሊያስፈርድ ይችላል። ከዚህ የበለጠ ሚዛን የሚደፋው ሌላኛው ክርክር ነው፤ ጀማሪ ነጋዴ ለሠዓሊ የሚከፍለው ከየት ያመጣል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን መውሰድ አይደለም፤ በነፃ የተፈቀዱትን መርጦ መጠቀም ነው። ደግሞም ሠዓሊው ራሱ ጀማሪ ነጋዴ ነው። አንዱን ድሃ ለማቋቋም የሌላውን ድሃ ላብ መውሰድ ፍትሕ አይሆንም።

ስለዚህ አታሚና ዲዛይነር ቀላል ልማድ ይያዙ። ጎግል ወይም ፒንተረስት ላይ የተገኘ ሥዕል የመጣበትን የመጀመሪያ ገጽ ይፈልጉ፤ ፈቃዱን ያንብቡ፤ ገጹን ከነቀኑ ከደረሰኙ ጋር ያስቀምጡ። ምንጩ ካልተገኘ ሥዕሉን ይተዉት። ደንበኛ ሥዕል ይዞ ሲመጣም ከየት እንዳገኘው ይጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለበዓል ሰሞን አንድ ወጣት ሠዓሊ ቀጥሮ የራስን አደይ አበባ ማሳልና የሽያጭ መብቱን በጽሑፍ መዋዋል ነው። እንዲህ ያደረገ ሱቅ ከጎረቤቱ የተለየ ዕቃ ይኖረዋል፤ ሠዓሊውም ለመጪው ዓመት ሌላ ሥራ ለመሥራት አቅም ያገኛል።